የአንገት ሰባሪው ኩርባ አምስተኛ ሟች

ሰው መንገድ ላይ እንዳይሞት ሲያሰላ ዕድሜውን የፈጀው ሰውዬ፣ አንድ ማለዳ ራሱ አስፋልት መሃል ተንጋሎ ተገኘ። የኋላ ጭንቅላቱ ተሰብሯል። ዓይኖቹ አልተከደኑም፤ ከመንገዱ በላይ ያለውን ትምህርት ቤት የሚያዩ ይመስላሉ።

ቦታው ሹፌሮች «አንገት ሰባሪ» የሚሉት ኩርባ ነው። ከላይ የሚመጣው ከታች የሚመጣውን አያይም፤ ከታች የሚመጣውም ከላይ የሚመጣውን አያይም፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ቦርሳ ያነገቱ ልጆች ይሻገራሉ። በአንዱ ጎን አለት፣ በሌላው ጎን ገደል። ትምህርት ቤቱን እዚያ የሠራው ማን እንደሆነ እንጃ። መንገዱን እንዲያ አጥብቦ የነደፈውን ሰው ግን ቆይተን እናገኘዋለን።

መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ የሟቹን ጫማ ትመለከታለች። ጠና ያለች፣ ዝምታ የሚበዛባት፣ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የመጠየቅ አመል ያለባት ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። «እሷ ፊት ዱቄት ሆነህ ካልቀረብክ አታልፍም» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

«ገጭቶ ያመለጠ ነው» አሉ ከጎኗ የቆሙት የትራፊክ ሃምሳ አለቃ። «መብራቱ ተሰብሮበታል። ስብርባሪው ይኸው።»

አንዱን የመስታወት ቁራጭ አነሳች። የተሰበረውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ጣቷ አቧራ ይዞ መጣ። ትናንት ማታ የተሰበረ መስታወት ስብራቱ ላይ አቧራ አይኖረውም። መልሳ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የደወለው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪ ስለያዘ የስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ አሰናበትኩት።»

«መንገዱ ላይ ሌላ ነገር ነበር?»

«ምን ይኖራል? እሱና ይሄ መስታወት።»

«ሌላ ምንም?»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሁለቴ ነው የምትጠይቂው?» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ፖሊስ ስትሆን የጎማ አሻራ ማንበብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እጇን ይዘው የፍሬን ምልክት ያስለኳት፣ የመጀመሪያውን ሬሳ ስታይ ውሃ የሰጧት እሳቸው ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ ሃምሳ አለቃን የሚጠላ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። «ከዚህ ኩርባ አምስት ሰው አንስቻለሁ» አሉ ወደ ገደሉ እያዩ። «እሱ ስድስተኛዬ ነው።»

ከላይ ልጆች ተሰብስበው ለመሻገር ይጠብቃሉ። ሃምሳ አለቃ ሬሳውን ትተው ወጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው የሚመጣውን ጭነት መኪና አስቆሙ፤ ትንሿን ልጅ በቦርሳዋ ማንገቻ ይዘው ሁሉንም በአለቱ በኩል አሻገሯቸው። ልጆቹ ሬሳውን እንዳያዩ በሰውነታቸው ከልለውላቸው ነበር።

መርማሪዋ ወደ ጫማው ተመለሰች። ሁለቱም ተረከዞች ተፍቀዋል፤ ፍቀቱ ውስጥ ቀይ አፈር ገብቷል። የካፖርቱ ጀርባ ልብስ ላይ የሚጣበቅ የደረቀ ሣር ሞልቶበታል። አስፋልት ላይ ሣር አይበቅልም።

*

የመንገድ ሞት እንደ ወትሮው ቢሆን ለመርማሪ አይመጣም። ይሄኛው የመጣው የሟቹ ባለቤት ጎህ ሳይቀድ «ባሌ አልገባም» ብላ ጣቢያ ስለሄደች ነው። ሬሳው የተገኘበት ዜና እዚያው ቆማ ደረሳት። ገጭቶ ያመለጠ ነው ሲሏት ደግሞ ከበሩ አልነሳም አለች።

መድኃኒት ቤት የምትሠራ ቀጠን ያለች ሴት ናት። መርማሪዋ ከጎኗ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ባሌን አታውቂውም፣ እህቴ» አለች ሴትዮዋ። «ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲሄድ ግራ ቀኝ የሚያይ ሰው ነው። እሱ ጨለማ ላይ፣ እዚያ ኩርባ ላይ፣ መሃል አስፋልት ቆሞ መኪና ይጠብቃል? ሰው ሁሉ ይመን፤ እኔ አላምንም።»

«ማን ወሰደው? መኪና አይነዳም አሉ።»

«አይነዳም። የሰው መኪና ላይም ዝም ብሎ አይወጣም። የሚሳፈረው ከሦስት ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ኃላፊያቸው፣ መሐንዲሷና ሃምሳ አለቃ። ሌላው ሹፌር ሁሉ ለእሱ ነፍሰ ገዳይ ነው።» ያለችው ነገር ጆሮዋ ሲገባ ከንፈሯን ነከሰች።

«ከሦስቱ ጋር ብቻ?»

«አዎ ስልሽ። አመሻሽ ላይ ደውሎ ‹ከሥራ ሰው ጋር ደርሼ እመጣለሁ› አለኝ። ከማን ጋር ብዬ አልጠየቅኩትም። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ ነው የከረመው፤ ደስ ሲለው እኔም ደስ አለኝና ዝም አልኩ።» ከዚያ አለቀሰች። መርማሪዋ እጇን ያዘችላት።

የሟቹ ስልክ ከደረት ኪሱ ሳይጫር ነበር የወጣው። ባለቤቱ ከፈተችላት። የመጨረሻው ጥሪ ለባለቤቱ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለኃላፊው ደውሏል፤ ረጅም ጥሪ።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ንግግር አያበዛም። «መኪና የገጨው ቋሚ ሰው መጀመሪያ የሚሰበረው እግሩ ነው። የዚህ ሰውዬ እግር ደህና ነው። ጭንቅላቱን ያገኘው ድንጋይ ነው፤ ወዲያው ነው የሞተው።»

*

የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤቱ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ አለው። አንዱን ግድግዳ የክፍለ ሀገሩ የመንገድ ካርታ ሸፍኖታል። ካርታው ላይ ራሳቸው ቀይና ቢጫ የሆነ መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ቀዩ የሞተ፣ ቢጫው ክፉኛ የተጎዳ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀርበው ሲያዩት ሆድ ያስብሳል።

ሟቹ የጽሕፈት ቤቱ የዕቅድ ባለሙያ ነበር። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ቁጥሬ» ይለዋል። የመንገድ ሞትንና ከባድ ጉዳትን ለመቀነስ የወጣውን የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ የጻፈው እሱ ነው፤ ዕቅዱ በማግስቱ ይፈረማል።

ኃላፊው ክራቫቱን ደጋግሞ የሚያስተካክል ወፍራም ሰው ነው። «አሳዛኝ ነው» አለ። «እጅግ አሳዛኝ። ፊርማው ይዘገያል ብለው ያስባሉ?»

«እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። መጨረሻ ያነጋገሩት መቼ ነበር?»

«ትናንት ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ።»

«ከዚያ ወዲህ አልደወለልዎትም?»

«አልደወለም።» ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኩን ገለበጠው።

«አልደወለም?»

«አልደወለም አልኩ እኮ!»

ውሸቱን እያወቀችው ወደ ካርታው ዞረች። ሰው ለምን እንደሚዋሽ ሳታውቅ ውሸቱን ፊቱ ላይ መወርወር አትወድም።

ካርታውን ያስረዳቻት መሐንዲሷ ናት፤ ጣቶቿ የደረቁ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት።

«አንገት ሰባሪ ይኼ ነው። አራት ቀይ» አለች። «በዕቅዱ መሠረት አምስት ሰው የሞተበት ቦታ በመጀመሪያው ዙር ይሠራል። አለቱ ይቆረጣል፣ ለልጆቹ መሻገሪያ ድልድይ ይቆማል። አራት የሞተበት ይጠብቃል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከሚቀጥለው ዕቅድ። አምስት ዓመት።»

«ወይም አንድ ሰው እስኪሞት።»

መሐንዲሷ ዓይኗን ከካርታው አላነሳችም። «ወይም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል?»

«ነው። ግን ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። የሆነ ቦታ ላይ መስመር መሰመር ነበረበት፤ ቁጥሬ አሰመረው።»

«አራት ነው የሞተው ያልሽኝ?»

«አራት።»

«ይሄ ሁሉ ቢጫስ?»

«እግሩ የተቆረጠ፣ አከርካሪው የተሰበረ፣ መናገር ያቃተው። ይቆጠራሉ፤ አይመዘኑም።» አንዷን ቢጫ መርፌ በጣቷ ነካች። «ይህቺ ተማሪ ነበረች። ሆስፒታል ወር አልፏት ነው የሞተችው። ደንቡ ደግሞ ከግጭቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያልሞተን በመንገድ ሞት አይይዝም። ስለዚህ ቢጫ ሆና ቀረች።»

«ኩርባው ግን ለምን እንዲህ ጠበበ?»

«የነደፍኩት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ። ገደሉን ስሸሽ ወደ አለቱ አስጠጋሁት፤ አለቱ ደግሞ ዕይታውን ጋረደው። ቁጥሬ ዕቅዱ ውስጥ ጽፎታል፤ የነዳፊው ስህተት ብሎ። ይጻፈው፣ እውነት ነው።»

«አልተጣላችሁም?»

«ተጣልተናል። ‹ስሜን ጻፍ፣ ግን ቦታውን አስገባው› ብዬው ነው የተጣላነው። ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ ልትዪኝ ነው አይደል? እናቴ ታማብኛለች፤ ቤት ነበርኩ። ምስክር የለኝም፤ እናቴ ማንን እንዳየች አታስታውስም።»

*

የአውቶቡስ ሹፌሩን ከሰዓት በፊት መናኸሪያ አገኘችው። ጎማውን በእግሩ እየመታ ይፈትሻል።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው እህቴ፣ ቅጠሉ ባይኖር ወጥቼበት ነበር የማልፈው!»

«የምን ቅጠል?»

«ምልክቱ ነዋ! ዛፍ ቆርጠው መንገዱ ላይ ጥለዋል። ከላይ ነበር የምመጣው። ኩርባው ገና ሳይጀምር ቅጠሉን አየሁ፤ ወዲያው ፍሬን ይዤ ቀስ ብዬ ገባሁ። አየሽ፣ ሌላው ሰው መኪና ሲበላሽበት ቅጠሉን ከኋላው ሥር ይጥለዋል፤ ታዲያ አንተ ስታየው ደርሰህበታል። ይሄን የጣለው ግን የገባው ሰው ነው። ተዉኝ፣ ተሳፋሪዎቼን ለእናታቸው የመለሰልኝ እሱ ነው።»

«ስትሄድ ቅጠሉን አነሳኸው?»

«እኔ? ለምን አነሳለሁ፣ ሬሳው ገና ተኝቶ! ከታችም በኩል ነበር፤ ስወርድ አልፌዋለሁ። ሃምሳ አለቃ ሲደርሱ ለእሳቸው ትቼ ሄድኩ።»

መርማሪዋ አመስግና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። ከዚያ ለሃምሳ አለቃ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ከመንገዱ ላይ ያነሱት ነገር አለ?»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

ማንንም ሦስት ጊዜ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬ ጠየቀች፤ «አዎ፣ ቅጠል ነበር፣ ለመኪና እንዲመች አነሳሁት» እንዲሏት በሙሉ ልቧ ፈልጋ ነበር። ያን ቢሉ ነገሩ ሌላ በሆነ። ስልኩን ዘጋችና ወደ ኩርባው ነዳች።

ከኩርባው በላይ፣ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ጎማ የደፈጠጠው አረንጓዴ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ አገኘች። ከታችም እንዲሁ። ቁልቁል ለሚወርደው የተጣለው ደግሞ ሽቅብ ለሚወጣው ከተጣለው ይበልጥ ከኩርባው ርቋል፤ ቁልቁል የሚወርድ ከባድ መኪና ቶሎ አይቆምምና። ይህን ታውቀዋለች። ማን እንዳስተማራትም ታውቀዋለች። ከአስፋልቱ ጠርዝ በታች ገደሉ አፍ ላይ ደም የነካው ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ፣ ሁለት ተረከዝ የሰነጠቀው መስመር ይወጣል።

እዚያው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠች። የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፣ ሀዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽም አልወጣ ይባላል፤ ለእሷ ባይሆንም ለእሷ የተባለ መሰላት። ከዚያ ልብሷን አራግፋ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣች፤ ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቃ ተመለሰች።

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ካርታው ያለበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ኃላፊው የስብሰባ ወንበሩ ላይ፣ መሐንዲሷ መስኮቱ አጠገብ፣ የሟቹ ባለቤት ከካርታው ፊት ለፊት፣ ሃምሳ አለቃ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ውጭ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ቁጥሬን መኪና አልገጨውም» ብላ ጀመረች። «እግሩ ደህና ነው፣ ስልኩ አልተጫረም፣ መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም። የመብራቱ ስብርባሪ ስብራቱ ላይ አቧራ ጠጥቷል፤ ከቦይ የተለቀመ የድሮ መስታወት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የመኪና አደጋ አስመስሎታል።»

«ምን ማለት ነው? ተገደለ?» አለ ኃላፊው።

«ተገደለ። የሞተው ከመንገዱ በታች ነው፤ ድንጋዩን አይቼዋለሁ። ከዚያ ገዳዩ በብብቱ ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። ሬሳ የሚደብቅ ሰው ወደ ገደል ይጥላል፤ ገደሉ ደግሞ እግሩ ሥር ነበር። ከገደል አፍ አውጥቶ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ፣ አስፋልት ላይ የሚያስተኛ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ወደ ካርታው ተጠጋች።

«ይህ ሞት እንዲታይ የፈለገ ሰው ነው። የመንገድ ሞት ተብሎ፣ እዚያው ኩርባ ላይ፣ እንዲመዘገብ የፈለገ። ገደል ውስጥ የሞተ ሰው በዚህ ካርታ ላይ መርፌ አይሰካለትም። አስፋልት ላይ ከሆነ ይሰካለታል። ኩርባው አራት ቀይ አለው፤ አንድ ይጎድለዋል።»

መሐንዲሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቁጥሬ የሚሳፈረው ከሦስታችሁ ጋር ብቻ ነው። ኃላፊው ዋሽተውኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን እሳቸው ለአንድ ኩርባ ሲሉ ዕቅዳቸው በፊርማው ዋዜማ ሬሳ እንዲታቀፍ አይፈልጉም። መሐንዲሷ ኩርባው እንዲገባ ትፈልጋለች፤ እውነት ነው። እሷን የሚያወጣት ቅጠሉ ነው።»

«ቅጠል?» አለች መሐንዲሷ።

«ገዳዩ ሬሳውን ካስተኛ በኋላ ዛፍ ቆርጦ ኩርባውን በሁለቱም በኩል ምልክት አደረገበት። ሌላ ሰው እንዳይሞት። የአውቶቡሱ ሹፌር በዚያ ቅጠል ነው የተረፈው። የቁልቁለቱን ምልክት ከዳገቱ አርቆ ነው የጣለው። ይህን ቦታ እየመረጠ የሚጥል ሰው ዕድሜውን በሙሉ ያን ሲያስተምር የኖረ ነው። እኔ ስደርስ ግን ቅጠሉ የለም። ከሹፌሩ በኋላ፣ ከእኔ በፊት፣ እዚያ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። አንድ ጊዜም ቅጠል ነበር አላለኝም።»

ዞር ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ካርታውን እያየች ቀጠለች። «ጠዋት ‹ከዚህ ኩርባ አምስት ሰው አንስቻለሁ› አሉኝ፣ ጋሼ። ካርታው አራት ይላል። አምስተኛዋ ቢጫዋ ናት። ከሠላሳ ቀን በኋላ የሞተችው። ርዕሰ መምህሩን ከሆስፒታል ማን ሬሳዋን እንደተቀበለ ጠየቅኩት። ‹አጎቷ› አለኝ። ‹ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቻችንን የሚያሻግሩልን እሳቸው ናቸው› አለኝ።»

ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አሉ። «ያሳደግኳት ግን እኔ ነኝ። ትን ሲላት ጀርባዋን የመታሁ፣ ፊደል ያስቆጠርኳት። ‹ሞታለች እኮ፣ ቀይ አድርጋት› ብዬ ለመንኩት። ‹ጋሼ፣ ደንቡ ደንብ ነው› አለኝ። አልተጣላሁትም። ደግ ሰው ነበር። ትናንት ልጆቹ የሚሻገሩበትን በዓይኑ ይይ ብዬ ወሰድኩት። ጠርዙ ላይ ቆመን እያሳየሁት ‹አንድ ሞት ይቀረዋል› አለኝ። ደረቱን ገፋሁት። ለመግደል አልነበረም። ልጄ ፊቴ ላይ መጣችብኝና ገፋሁት፤ ገደሉን ረሳሁት። እኔ! ሃያ ዓመት ‹ከጠርዙ ራቁ› እያልኩ የኖርኩ ሰው!»

ቀጥለውም «ወርጄ ሳየው ትንፋሽ የለውም» አሉ። «አንድ ይቀረዋል ብሎኛል። ይኸው አንድ አልኩ። ከሞተ አይቀር ለልጆቹ ይሁን አልኩ። ቅጠሉን ጠዋት ያነሳሁት አንቺ ትመጫለሽ ሲሉኝ ነው። ቅጠሉን ካየሽ እንደምታውቂኝ አወቅኩ።»

ከዚያ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ነፍስ ግድያ ከሆነ የመንገድ ሞት አይባልም። ኩርባው አራት እንደሆነ ይቀራል ማለት ነው።»

«አሁን ወደ እርስዎ» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ቁጥሬ ደውሎልዎታል። ምን አለዎት?»

ኃላፊው ክራቫቱን ነካ፤ ከዚያ ተወው። ከሁሉም ይልቅ የሟቹን ባለቤት ፈርቶ እሷን ሳያይ ተናገረ። «‹ክፉኛ የተጎዱትም ከሞቱት እኩል ይመዘኑ› አለኝ። ‹አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጨመረው፤ እንቅልፍ ነስቶኛል› አለኝ። ተከራከርኩት። ያ ዓረፍተ ነገር ከገባ ዝርዝሩ ይቀየራል፤ አንገት ሰባሪ ሲገባ የሌላ መንደር ኩርባ ይወጣል። እዚያስ ልጅ የለም? በመጨረሻ ግን እሺ፣ ነገ ጨምረው አልኩት። ሲሞት...» ላቡን ጠረገ። «ሲሞት ነገር ከሚበላሽ እንዳለ ይፈረም ብዬ ዝም አልኩ።»

ሃምሳ አለቃ ቀና አሉ። «ሊያስገባው ነበር?»

«ሊያስገባው ነበር።»

ሽማግሌው የሚይዙት ነገር እንዳጡ ሁሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «አልነገረኝም» አሉ።

«እሺ ያሉት ቃል ከሰውዬው ጋር ይቀበር?» አለች መርማሪዋ ለኃላፊው። «ዕቅዱ ነገ ነው የሚፈረመው። ዛሬ ገና ዛሬ ነው።»

«የሚወጣው ኩርባስ? እዚያ የሚሞተውን ማን ይመልስልኛል?»

«የሚወጣውን እኔ አሳይሃለሁ» አለች መሐንዲሷ። «እዚያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይበቃዋል፤ አለት አይቆረጥም። ሂሳቡን እኔ እሠራለሁ፤ አንተ ዓረፍተ ነገሩን ጻፍ።»

ኃላፊው አላመነታም ማለት አይቻልም። ወደ በሩ አየ፣ ወደ ስልኩ አየ። በመጨረሻ የዕቅዱን ቅጂ ወደ ራሱ ስቦ፣ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ቁጥሬ በስልክ ያለውን ቃል በቃል ጻፈው፤ ከሥሩም ፈረመ። መሐንዲሷ ከኋላው ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች።

መርማሪዋ ወደ ሃምሳ አለቃ ሄደች። ካቴናውን ከማውጣቷ በፊት እሳቸው ራሳቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። ጥብቅ እንዳይል ቀስ ብላ ቆለፈችው።

ባለቤቲቱ ከወንበሯ ተነስታ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ትሰድባቸዋለች ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» አለቻቸው። «ነግሬያችኋለሁ አይበሉኝ። ሁሉን አልነገሩንም።»

ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሁለት ሦስቴ ተንቀሳቀሰ።

«‹አንድ ሞት ይቀረዋል፣ ግን› አለኝ» አሉ። «ግን ሲል ገፋሁት።»